«አሞሽ ነበር እንዴ?»

ስልኩ የጠራው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ዘፋኟ ናት። ሰላምታም አላበዛችም።

«ወንድም ዓለም፣ እናቴ አምባሰሉን ሰማችው።»

«እሺ፣ ምን አሉ?»

«‹ስትዘፍኚ አሞሽ ነበር እንዴ?› አለችኝ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ላውራ። ደሴ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስቱዲዮ ብያታለሁ። ግድግዳው ፍራሽና የእንቁላል ካርቶን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። (የእንቁላል ካርቶን የውጭ ድምፅ ይከለክላል የሚባለው ውሸት ነው። ማስተጋባቱን ትንሽ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ባጃጅ ሲያልፍ ባጃጁም አብሮ ይቀረፃል።) በሩ ላይ የሰዓት ዝርዝር ለጥፌያለሁ፦ የአዛን ሰዓት፣ የቅዳሴ ሰዓት፣ ጎረቤቴ ያለው ብየዳ ቤት ብረት የሚቆርጥበት ሰዓት። ድምፅ የሚገባው በነዚህ መሀል ነው። የክረምት ዝናብ ግን በሠሌዳ አይመጣም። የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ይገባዋል።

ቤት ኪራዩን የሚከፍልልኝ የሠርግ ቪዲዮ ነው። የሙሉ አልበም ድምፅ ስቀዳ ይሄ የመጀመሪያዬ ነበር።

ልጅቷ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ዕቁብ ጥላ ነው አልበሙን የጀመረችው። ግጥምና ዜማውን ከሰጧት ሰዎች ጋር በወረቀት ተፈራርማለች። እዚህ ላይ አደነቅኳት። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ከወጣ ስንት ዓመቱ፤ ዛሬም ግን በቃል ተማምኖ፣ ሻይ ተጠጥቶበት የሚያልቅ ሥራ ሞልቷል። አቀናባሪው አዲስ አበባ ነው፣ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ። ሙዚቃውን በቴሌግራም ይልክልናል፣ እኛ ድምፅ አስገብተን እንመልስለታለን። ሚክስና ማስተር (ድምፁንና ሙዚቃውን አመጣጥኖ የመጨረሻ መልኩን ማስያዝ) እዚያው ነው የሚሠራው። ባንድ ከዘፋኝ ጋር አንድ ክፍል ገብቶ በአንድ ላይ የሚቀዳበት የካሴት ዘመን አልፏል። አሁን ዘፋኟ አቀናባሪዋን በአካል ሳታየው አልበም ይወጣል።

ዘፈኖቹ አሥራ አንድ ናቸው። አብዛኞቹ የዘመኑ ፖፕ ሆነው አንድ ባቲ፣ አንድ አምባሰል ነበረባቸው። የወሎ ልጅ አልበም አውጥታ እነዚህን ብትተው አገሩ ምን ይላታል? ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ ስማቸው የዚሁ አገር ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለችው የሰኞ ገበያ ከተማ ናት። አምባሰል ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን ስትወጣ የምታገኘው አምባ ነው። እኔ ራሴ በማሪቱ ለገሠ አምባሰል ነው ያደግኩት። እናቴ ቡና ስትቆላ የማትጠፋ ድምፅ ነበረች። ይህን የምነግራችሁ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም፣ ያከብደዋል እንጂ።

አምባሰሉ መግቢያ ላይ ምት የለውም። ኪቦርዱ አንዲት ድምፅ ይዞ ይቆያል፣ እሷ በላዩ ታንጎራጉራለች። አንድ ደቂቃ ከምናምን። አንድ ቦታ ላይ ቃሉን ሳትጨርሰው ትንፋሿ ቆረጠባት፣ ሳበችና ቀጠለች። ያን ቀን ስቀዳት ፀጉሬ ቆመ። ሌሊት ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ግን ሌላ ነገር አየሁ።

የሳተ ድምፅ በሚቃናበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ድምፅ መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። ደረጃ ደረጃ የተሠራ ፍርግርግ አለ፣ ድምፁ በዚያ ላይ ይጋደማል። የሷ መስመር አልጋደም አለ። ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በሁለት ደረጃ መሀል ይንጠለጠላል። እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ቀኔ ነው፣ ጠዋት መላክ አለብኝ፣ ዓይኔ ደግሞ ጠማማ መስመር አይወድም። «ይቺ ልጅ እዚህ ጋ ስታለች» አልኩና ላስተካክል ገባሁ።

ፕሮግራሙ መጀመሪያ ስኬል (ዜማው የሚሄድባቸውን ድምፆች) ምረጥ ይላል። ሜጀር አለ፣ ማይነር አለ። አምባሰል የለም። ድምፆቹን አንድ በአንድ ነክቶ የራስን ስኬል መሥራት ይቻላል፣ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም። እኔ ሲ ማይነር ነክቼ አለፍኩ። ጨለም ያለ ዜማ አይደል? ማይነር ነዋ!

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከሲ ብንነሳ የአምባሰል አምስት ድምፆች ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ሲ ማይነር ውስጥ ዲ ፍላት የለችም። ፕሮግራሙ የማያውቃት ድምፅ ስትመጣበት በቅርብ ወደሚያውቃት ይጎትታታል። ከፍ ካለች ወደ ዲ፣ ዝቅ ካለች ወደ ሲ። አምባሰልን አምባሰል የምታሰኘው ደግሞ ያቺው ከመነሻው ግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ የምትለዋ ናት። እሷን ከነቀልክ በኋላ የቀረው ግማሹ ትዝታ ማይነር የሚባለውን ሌላ ቅኝት ይመስላል፣ ግማሹ ምንም አይመስልም። ከሥሯ የተያዘችው ድምፅ ሲ ብቻ ስለሆነች የሚጋጭ ነገር አልተሰማኝም። መስመሩ ቀጥ አለ። ደስ አለኝና ላክሁት።

እዚህ ላይ ቢበቃ ምንም አልነበረም። ዲስኬ ግን በሠርግ ቪዲዮ ጢም ብሎ ነበር። የአንድ ሙሽራ አሥራ ሁለት ሰዓት ቀረፃ ለማስገባት ቦታ ፈለግኩና የተስተካከለውን አስቀርቼ ዋናውን ቅጂ አጠፋሁ። ሌላ ኮፒ አልነበረኝም።

እንግዲህ ስልኩ የተደወለው በማግስቱ ነው። ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «የስልክሽ ስፒከር ይሆናል፣ እናትሽ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት።» ዋሸሁ። ስልኩን ዘግቼ እኔ ራሴ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። እውነትም የታመመ ሰው ድምፅ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ዜማው ከአፉ ሳይደርስ እንደሚወድቅበት ዓይነት። አንዲት የኮምቦልቻ እናት ስኬል ሳይቆጥሩ በስልክ ያወቁትን እኔ በስንት ብር ስፒከር አላወቅኩም።

ማታ ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት። ዋናው ቅጂ እንደጠፋም ጭምር። ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «አብሽር። ሐሙስ እመጣለሁ።»

ሐሙስ ከኮምቦልቻ ደሴ በሚያስወጣው በሐረጎ ዳገት፣ በጉም ውስጥ መጣች። የመጣችው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ዝናቡ ግን ቀድሟት ደርሷል። ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ የሚደፋ ነው የሚመስለው። ጋቢ ሰጠኋት፣ ፍራሹ ላይ ጋደም አለች። አራት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዝናቡ ቆመ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው እስኪያባራ ሌላ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ቀሰቀስኳት፣ ሙቅ ውኃ ጠጣችና ማይኩ ፊት ቆመች። ውሻ ጮኸ፣ እንደገና ጀመርን። ሁለት ጊዜ ዘፈነችው፣ ሁለተኛውን ያዝን። የሱብሂ አዛን ሲሰማ ሦስት ቦታ ኮፒ አድርጌ ጨርሼ ነበር። አንዱን በፍላሽ እሷው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ያን ሌሊት ፕሮግራሙን አልከፈትኩትም። ለአቀናባሪውም «አምባሰሉን እንዳትነካው» ብዬ ጻፍኩለት። «ማን ሊነካው?» ብሎ መለሰልኝ። እሱ እንኳ ያውቃል።

እናቷ አዲሱን ሰምተው «እሰይ፣ ዳንሽልኝ» አሏት።

እኔ ግን ለእሷ ያልነገርኳት አንድ ነገር አለ። ሁለተኛው ጥሩ ነው፣ ንፁሕ ነው፣ ቅኝቱ አልተነካም። የመጀመሪያው ግን ይበልጥ ነበር። ያቺ ትንፋሽ የቆረጠችባት ቦታ በሁለተኛው የለችም። ባዶ ሌሊት ላይ፣ ከእንቅልፍ ተነስታ፣ ተጠንቅቃ ነው የዘፈነችው። እኔ ነኝ ያስጠነቀቅኳት።

አልበሙ ለአዲስ ዓመት ወጣ። በዩቲዩብ አንድ አንድ እየተባለ ተለቀቀ። ማን ተመታ? ባቲው! አንድ ከሰዓት ቀድተነው ብዙም ያልደከምንበት ዘፈን። ሠርግ ቤቱ ሁሉ እሱ ሆነ። ጥር ላይ ብቻ ስንት ቪዲዮ ውስጥ እንዳስገባሁት ረስቻለሁ። ሙሽሮች «ያቺን የኮምቦልቻዋን አድርግልን» ይሉኛል፣ ድምፅ የቀዳሁት እኔ እንደሆንኩ አያውቁም፣ አልነግራቸውምም። አምባሰሉን የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ሙሽራ በአምባሰል አይገባማ።

ባለፈው ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አልበሙን ከፈቱት። ከፊት ከሹፌሩ አጠገብ ነበርኩ። ባቲው አለቀና አምባሰሉ ገባ። ሐረጎ ላይ ጉም ስለነበር ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ እያለ ነው የሚነዳው። ያቺ ቦታ እስክትመጣ ቆጠርኩ። ልትደርስ ስትል ሹፌሩ እጁን ሰደደና ወደሚቀጥለው አሻገረው።

«ሒሳብ፣ ከፊት» አለ ረዳቱ።