"እናቴ ምን አጥፍታ ነው?" ካንሰርን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለማስተማር

የዛሬ ሦስት አመት ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ስለ ካንሰር መከላከል አስተምሬ ስጨርስ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ አንዲት ልጅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ ቆመችና "ቲቸር፣ እናቴ ምን አጥፍታ ነው?" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ እናቷ የጡት ካንሰር ታማ ህክምና ላይ ነች፣ እኔ ደግሞ የዛን ቀን ሰሌዳው ላይ አታጭሱ፣ አትጠጡ፣ ስፖርት ስሩ፣ አትክልት ብሉ ብዬ ደርድሬ "እነዚህን ያደረገ ሰው ካንሰር አይዘውም" ብዬ ነው ክፍለ ጊዜውን የዘጋሁት። እሷ እንግዲህ የታመመ ሰው ከነዚህ አንዱን አጥፍቷል ማለት ነው ብላ ነው የገባት፣ እና አልፈርድባትም፣ ያልኩት ነገር ሲገለበጥ የሚመጣው እሱ ነው።

ምን ብዬ እንደመለስኩላት በደንብ አላስታውስም፣ "ምንም አላጠፋችም" ያልኳት ይመስለኛል፣ ግን ለምን እንዳላጠፋች ማስረዳት አልቻልኩም። እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። የአለም ጤና ድርጅት ራሱ እኮ የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ከእድሜያቸው ውጪ ሌላ የተለየ አጋላጭ ነገር የለባቸውም ይላል፣ ይሄን ያኔ ባውቀው ኖሮ እዛው ቆማ እያለች እነግራት ነበር።

ከዛ ወዲህ ትምህርቱን ከስሩ ቀየርኩት። አሁን ካንሰር የሚለውን ቃል ከማንሳቴ በፊት የሴል ክፍፍልን በደንብ እንጨርሳለን። አንድ ሴል ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያልን ልጆቹ ራሳቸው ደብተራቸው ላይ እያባዙ ይሄዳሉ። 10 ጊዜ ሲከፈል 1,024 ይደርሳል፣ እዚህ ጋ ማንም አይገረምም። 20 ጊዜ ሲሆን 1,048,576፣ 30 ጊዜ ሲሆን ከ1 ቢሊዮን በላይ፣ እዚህ ላይ ክፍሉ ይንጫጫል። አንድ ቢሊዮን ሴል አንድ ላይ ሲጠራቀም 1 ሴንቲሜትር ገደማ የምትሆን ዕጢ ነች ስላቸው ደግሞ "በቃ? ይቺ ብቻ?" ይላሉ። ያኔ ወደ ኋላ እመልሳቸዋለሁ፤ 20ኛው ላይ እያለች በእጅ ተዳስሳ ትገኛለች ወይ? አትገኝም። 30ኛው ላይ ስትደርስ ስንት ጊዜ ተከፍላ ነው የመጣችው? ሰውነት ውስጥ በርግጥ የሚሞቱም ሴሎች ስላሉ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እሱንም እነግራቸዋለሁ፣ ግን ቅድመ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ ስሌት በላይ የሚያስረዳ ነገር እስካሁን አላገኘሁም። ሰው ምንም ሳይሰማው ለምን ይመረመራል የሚለው ጥያቄ እዛው ሰሌዳው ላይ ይመለሳል።

ቀጥሎ የዳይስ ጨዋታው ነው፣ ሉዶ ላይ የምንወረውራት ባለ ስድስት ፊቷ። ጤነኛ ሴል ወደ ካንሰር ለመቀየር አንድ ስህተት አይበቃውም፣ የሴሉ መመሪያ የተጻፈበት ዲኤንኤ ላይ ብዙ ሚውቴሽን፣ ማለት የፊደል ስህተት፣ መጠራቀም አለበት፣ ተከፈል የሚለው ትእዛዝ ተጣብቆ ሲቀር፣ ቁም የሚለው ሲበላሽ፣ ጥገናው ሲዳከም፣ እንደዛ እያለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ 40 ልጆችን ለሁለት እከፍላለሁ። ሃያዎቹ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይወረውራሉ፣ ሃያዎቹ ደግሞ አጫሾች ናቸው ብለን በየዙሩ ሦስት ጊዜ ይወረውራሉ። ስድስት የመጣበት አንድ ሚውቴሽን ይመዘግባል፣ አራት የሞላበት ካንሰር ያዘው ብለን ይቀመጣል፣ 12 ዙር እንጫወታለን። ባለፈው ጊዜ ሦስቴ ከሚወረውሩት 18ቱ ተቀመጡ፣ አንዴ ከሚወረውሩት 3ቱ። እውነተኛው ሰውነት ውስጥ ስህተት ከስድስት አንድ ጊዜ አይመጣም፣ አብዛኛው ስህተትም ይጠገናል፣ ጨዋታው በጣም የተጋነነ መሆኑን ሳልናገር አላልፍም።

ግን የምፈልገው ውይይት ከዛ በኋላ ነው ያለው። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ይነሳና "አያቴ እኮ እድሜ ልኩን አጭሶ ምንም አልሆነም" ይላል፣ በየአመቱ አለ ይሄ ልጅ። ድሮ መልስ ያጥረኝ ነበር፣ አሁን እነዛን ሁለት ቆመው የቀሩ ልጆች ነው የማሳየው፣ ሦስት ሦስቴ እየወረወሩ ተረፉ፣ አያትህ እነሱ ናቸው፣ አንተ ከየትኛው ቡድን ገብተህ መጫወት ትመርጣለህ? እለዋለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ወደ ሦስቱ እዞራለሁ፣ አንዴ ብቻ እየወረወሩ ወደተቀመጡት። "እነዚህ ምን አጥፍተው ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ዝም ይላሉ። ከዛ አንዱ "ምንም፣ ዳይሱ ነው" ይላል። እኔ ለዛች ልጅ መመለስ ያቃተኝን የአስራ ሦስት አመት ልጅ በሁለት ቃል ይመልሰዋል፣ ሲመልስ ስሰማ ሁሌም እሷን ነው የማስበው።

ከካንሰር ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ይቻላል የሚለውን የአለም ጤና ድርጅት ቁጥር ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ ፖስተር ላይም ይጻፋል። እኔ ቁጥሩን ስናገር የቀረውንም አብሬ እናገራለሁ፣ ግማሹ ወይም ከዛ በላይ ዛሬ ባለን እውቀት ልንከላከለው የማንችለው ነው። የልጆች ካንሰር ደግሞ አብዛኛው ከአኗኗር ጋር የሚያያዝ አይደለም፣ ክፍል ውስጥ ታናሽ ወንድሙ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የያዘው ልጅ ሊኖር ይችላል፣ እኔ ላላውቅ እችላለሁ። አስተማሪዎች ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ "ካንሰር አይዛችሁም" አትበሉ፣ "ዕድሉ ይቀንሳል" በሉ። አንድ ቃል ነች ግን ብዙ ነገር ትቀይራለች። ካንሰር የያዘውን ሰው በመንካትም ሆነ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍም ሳይጠይቁ በፊት ንገሯቸው፣ አፍረው የማይጠይቁት ጥያቄ እሱ ነው።

ታሪክ ላይ ብዙ ጊዜ ባላጠፋ ደስ ይለኝ ነበር ግን አንዷን መተው አልችልም። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ሀኪም የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች ላይ አንድ አይነት ካንሰር እንደሚበዛ አስተዋለና ከጥቀርሻው ጋር አገናኘው። እነዛ ሰዎች ጠባቡ ጭስ ማውጫ ውስጥ መግባት የጀመሩት ትንንሽ ልጆች ሆነው ነው፣ በሽታው የወጣባቸው ግን ካደጉ በኋላ። ይሄን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ምክንያቱም ከነሱም የሚያንሱ ልጆች ነበሩ። ስለ ሲጋራ ለብቻው ረጅም ነገር ማውራት ያቆምኩት ለዚህ ነው፣ በሲጋራ ጭስ ውስጥ ካንሰር አምጪ መሆናቸው የታወቁ ወደ 70 የሚጠጉ ኬሚካሎች አሉ፣ አንዳንዶቹ ፖት ያየው ጥቀርሻ ውስጥም ያሉ ናቸው ስላቸው ቀሪውን ራሳቸው ያገናኙታል። ሳንባ ካንሰር በ60 አመት ይመጣል ማለት ስራው በ60 አመት ተጀመረ ማለት አይደለም። እቤት የሚያጨስ ሰው ያላቸው ልጆች ደግሞ ተስፋ እንዳይቆርጡ፣ ያቆመ ሰው በ10 አመት ውስጥ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ማጨስ ከቀጠለው ሰው ግማሽ አካባቢ እንደሚወርድ እጨምራለሁ።

ብዙ አስተማሪ የሚሸሸው ክፍል ክትባቱ ነው፣ እኔም ሸሽቼ አውቃለሁ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤችፒቪ በሚባል፣ በዋናነት በግብረ ሥጋ ግንኙነት በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣ ነው፣ ይሄን ግንኙነት ያገኘው ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 ኖቤል ተሸልሟል፣ ክትባቱ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ አለ። ክትባቱ እንዲሰጥ የሚመከረው በዋናነት ከ9 እስከ 14 አመት ላሉ ሴት ልጆች ነው፣ ማለት በቃ እፊቴ የተቀመጡት ናቸው! ስንት የሳይንስ ምዕራፍ አለ ለተማሪው በዛው አመት ይሄን ያህል የሚጠቅም? ስለዚህ ስለ ቫይረስ በምናስተምርበት ሳምንት ቫይረሱ ሴል ውስጥ ገብቶ ያንን ቁም የሚለውን ፕሮቲን እንዴት እንደሚያሰናክል እናያለን፣ ዳይሱን ስለተጫወቱ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ክትባቱ ደግሞ ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት መሰጠት ያለበት ለምን እንደሆነ ስለ መከላከያ ሴሎች ከተማሩት ጋር ያያይዙታል። ጉበት ላይ ካንሰር ለሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንዳለም እዛው እናነሳለን። ወንዶቹን አላስወጣም፣ ኤችፒቪ ጉሮሮ ላይም ካንሰር ያመጣል፣ ወንድም ይይዛል። ይስቃሉ፣ ያፍራሉ፣ አስር ደቂቃ ነው፣ ከዛ ጥያቄው ይጀምራል። ወላጆች ቀድመው እንዲያውቁ አንድ ገጽ ጽፌ እልካለሁ፣ ይሄን ሳላደርግ በጀመርኩበት አመት የተቆጡ ወላጆች ነበሩ፣ እውነታቸውን ነው፣ ልጃቸው እቤት መጥታ ድንገት ከምትነግራቸው ከኔ ቢሰሙት ይሻል ነበር።

የቀረኝ ፀሐይ ነች። አልትራቫዮሌት ጨረር ዲኤንኤ ላይ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ፊደላትን እንደሚያጣብቅ ሰሌዳ ላይ ስዬ አሳያለሁ ግን ጨረሩ ራሱ ስለማይታይ አይዝላቸውም። አልትራቫዮሌት ሲነካቸው ቀለም የሚቀይሩ ዶቃዎች አሉ፣ አንዱን ጥላ ስር፣ አንዱን መስኮት ጀርባ፣ አንዱን ጨርቅ ስር፣ አንዱን የፀሐይ መከላከያ ክሬም የተቀባ ፕላስቲክ ውስጥ አድርገው እንዲያወዳድሩ እፈልጋለሁ። አዝዣቸዋለሁ፣ ከደረሱልኝ የሚቀጥለው ሳምንት የብርሃን ምዕራፍ ስንጀምር ውጪ ወጥተን እንሞክራቸዋለን።