የአዋሽ–ሐራ ገበያ ሐዲድና የሠራተኛው ደመወዝ፦ መልስ የሚገባቸው ሁለት ጥያቄዎች

ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ ጋር ውሉ በ2004 ዓ.ም. ሲፈረም ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከውጭ ባንኮችና ከቱርክ ኤክዚም ባንክ በብድር ተገኘ፤ በ2007 ዓ.ም. ሥራው ተጀመረ፤ ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ተዘረጋ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ከሞላ ጎደል ተጠናቋል የሚለውን ዜና ከሰማንም ዓመታት አልፈዋል። ይህን በምጽፍበት ጊዜ ግን በዚህ መስመር መደበኛ የጭነትም ሆነ የመንገደኛ አገልግሎት የለም።

ስለዚህ ሐዲድ ስጽፍ ስለ ሠራተኛ ደመወዝም አብሬ የማነሣው ሁለቱ የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽ ስለሆኑብኝ ነው። ለሐዲዱ በሕዝብ ስም ገንዘብ ተበድረናል፤ ለደመወዙ በሕዝብ ስም አዋጅ አውጥተናል። በሁለቱም በኩል ቃል የተገባው በአደባባይ ነው፤ በሁለቱም በኩል ግን ቃሉ የሚፈጸምበት ቀንና ባይፈጸም የሚጠየቀው አካል አልተነገረንም። እኔ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቀኑ በጽሑፍ ይነገረን፣ ኃላፊውም ይታወቅ።

ከሐዲዱ ልጀምር። የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም የተሰጠው ተግባር ዘመናዊ የባቡር መስመሮችን መገንባትና ማስተዳደር ነበር። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባሉት አምስት ዓመታት 2,395 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር እንደሚገነባ አስቀምጦ ነበር። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ አገልግሎት ለመጀመር የበቃው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው 750 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት ጀመረ፤ በቻይና ተቋራጮች ሲመራ ከቆየ በኋላም በ2016 ዓ.ም. ሥራው ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ ባለሙያዎች ተላለፈ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። የሰሜኑ ሕዝብ ግን ከዚህ ዋና መስመር ጋር የሚያገናኘው ሐዲድ በደጁ አልፎ ባቡሩ አልመጣለትም፤ ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ እንዲቀጥል የታሰበውና ለቻይና ኩባንያ የተሰጠው ክፍልም ከመንገድ ቀርቷል።

ምክንያቶቹን አውቃለሁ፤ ሁሉንም ሰበብ ብዬ አልንቃቸውም። በመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ኃይል አቅርቦቱ ከግንባታው ጋር እኩል አልሄደም፤ ባቡሩ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሆኖ ሳለ ሐዲዱ ሲያልቅ መብራቱ አልደረሰም። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ በላዩ ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብተው ነበር፤ ከተሞቹም፣ የመንግሥትና የግል ንብረቱም የደረሰባቸውን ጉዳት የአካባቢው ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ነው። ከዚያ በኋላም በአማራ ክልል ሰላም አልሰፈነም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው። ሆኖም የኃይል አቅርቦቱ መጓደል ከጦርነቱ በፊት የነበረ ችግር ነው፤ የባቡር መስመር ሲታቀድ ኃይሉን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው በጀት እንደሚያቀርብ አብሮ አለመወሰኑ የጦርነት ውጤት ሊሆን አይችልም። ይህን ክፍተት ማን ፈጠረው የሚለውን ጥያቄ ጦርነቱ ሊያስረሳን አይገባም።

ዋጋውን ደግሞ እንመልከት። ውሉ ሲፈረም አንድ ዶላር ወደ 18 ብር ይመነዘር ነበር፤ ስለዚህ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ከ30 ቢሊዮን ብር ብዙም አይርቅም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከዚያም ወዲህ መጨመሩን አላቆመም። ያው 1.7 ቢሊዮን ዶላር በ130 ብር እንኳ ቢታሰብ 221 ቢሊዮን ብር ይሆናል። ከብድሩ ምን ያህሉ እንደተከፈለና ምን ያህሉ እንደቀረ ዜጋው በቀላሉ አግኝቶ የሚያነበው ሰነድ አላየሁም። ሀገሪቱ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ ከአበዳሪዎች ጋር ስትደራደር ቆይታለች፤ በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይም ከዓለም ገበያ የተበደረችበትን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮ ቦንድ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀርታለች። በዚህ ሁሉ መካከል ባቡር ሳያሳልፍ ዕዳው የሚያድገው ሐዲድ በየዓመቱ ስንት እያስወጣን እንደሆነ ማወቅ መብታችን ነው።

ለአካባቢው ሰው የዚህ ሐዲድ ነገር በቁጥር ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፤ የቆየ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ ደረቅ ወደብ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ፓርኩ እዚያ ሲሠራ ምርቱ በባቡር ወደ ወደብ እንደሚወርድ፣ ጥሬ ዕቃውም በባቡር እንደሚመጣ ተነግሮ ነበር። ዛሬ ዕቃው የሚመላለሰው በሚሌና በጋላፊ በኩል በከባድ መኪና ነው። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የመንገዱ ብልሽትና የጸጥታው ስጋት ሁሉ በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨመራል። ባለ ፋብሪካው ወጪው ሲበዛበት መጀመሪያ የሚያየው ወዴት እንደሆነ በፋብሪካ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ወደ ሠራተኛው ደመወዝ ነው። ሐዲዱና ደመወዙ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ይህም በዓለም የልብስ አምራች ሀገሮች ዘንድ ዝቅተኛው እንደሆነ ተጽፎ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋምና ቦርዱ ዝቅተኛውን የደመወዝ መጠን በየጊዜው እያጠና እንደሚወስን፣ ሥልጣኑና ተግባሩም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚደነገግ አስፍሯል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በየሜይ ዴይ በዓሉ፣ በየመግለጫው ይህንኑ ሲጠይቅ ኖሯል። ዓመታት አልፈው ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ወለል አሁንም አልተቀመጠም። ኢንቨስተር ይሸሻል የሚለው ስጋት ተደጋግሞ ይነገራል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚያስችለው ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትሰረዝ ግን ገዢዎችና አምራቾች ሲለቅቁ ያየነው ደመወዝ ስለተጨመረ አልነበረም።

በመንግሥት ሠራተኛው በኩል ጭማሪ መደረጉ እውነት ነው፤ ይህን ሳልጠቅስ ብቀር ሚዛናዊ አልሆንም። ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። አዲሱ የገቢ ግብር አዋጅም ግብር የማይከፈልበትን መጠን ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል። አሁን በዚህ ስሌት አንድ የደመወዝ ወረቀት እንይ። በ6,000 ብር የምትቀጠር የጽዳት ሠራተኛ ከመጀመሪያው 2,000 ብር ላይ ግብር የለባትም፤ ከቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር፣ ከቀሪው 2,000 ብር ደግሞ 20 በመቶ፣ ማለትም 400 ብር ይቆረጣል፤ 7 በመቶ ጡረታዋ 420 ብር ነው። እጇ የሚገባው 4,880 ብር ይሆናል። ባለ ዲግሪው ደግሞ ከ11,500 ብሩ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ተቀንሶ 8,595 ብር ይቀበላል። ከዚህ የቤት ኪራይ፣ የጤፍ፣ የዘይት፣ የትራንስፖርትና የልጆች ትምህርት ቤት ወጪ ይሸፈናል ተብሎ ይታሰባል። ደሴ ላይ በአንድ ክፍል ቤት ተከራይታ የምትኖር የአጎቴ ልጅ ይህን ወረቀቷን አሳይታኝ ስታበቃ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ጭማሪው የተሠራው የገበያው ዋጋ ምን ያህል ይሆናል ተብሎ ነው?» የምመልስላት አልነበረኝም፤ ስሌቱን ለሕዝብ ያሳየን የለምና።

ጥያቄውን ጮክ ብለው ያቀረቡት ምን እንደገጠማቸውም አይተናል። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄያቸውን በአደባባይ ሲያቀርቡ፣ ከፊሎቹም ሥራ ሲያቆሙ፣ የታሰሩ ነበሩ። የታካሚው ጉዳት አሳሳቢ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር ሐኪም የልፋቱን ዋጋ ሲጠይቅ መልሱ እስር ከሆነ፣ የአቅም ማነስን በቁጥር ማስረዳት የሚችል መንግሥት ለምን ያንን እንዳልመረጠ መጠየቅ አለብን። አቅም የለንም የሚለው መልስ ሊታመን የሚችለው አቅሙ የት እንደዋለ ሲታይ ነው፤ ለዚህም ነው የቆመው ሐዲድ ሒሳብ የሐኪሙም፣ የመምህሩም፣ የስፌት ሠራተኛዋም ጉዳይ የሚሆነው።

ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶችን በእኩልነት የመጠቀም መብት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 89 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከሀገሪቱ ሀብት የሚጠቀሙበትን ሁኔታ የማመቻቸት ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍ ሊጠይቅ እንደሚችልና መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጥ እንደሚገባው ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ የንግድ ምስጢር ወይም የብሔራዊ ኢኮኖሚ ጥቅም ነው ብሎ ሊከለክል ይሞክር ይሆናል፤ ያም ቢሆን የክልከላው ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠን። ከወሎም ሆነ ከሸዋ፣ የመሐንዲሶችም ሆነ የነጋዴዎች ማኅበር ይህን ጥያቄ በማኅተሙ ቢያቀርብ በአንድ ግለሰብ ፊርማ ከሚቀርበው የበለጠ ክብደት ይኖረዋል።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል፤ ምክር ቤቱም የመንግሥት ወጪን የሚከታተል ቋሚ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን ጠርቶ በካሜራ ፊት ሲያፋጥጥ አይተናል። የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር በክዋኔ ኦዲት ተመርምሮ፣ የኃይል አቅርቦቱ ለምን እንደዘገየ፣ የተበላሸው ምን እንደሆነ፣ መጠገኛው ስንት እንደሚጠይቅና ባቡሩ መቼ እንደሚነሣ ለዚሁ ኮሚቴ ቢቀርብ ሥልጣኑም ሥርዓቱም አለ። የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም በተመሳሳይ መንገድ ተጠርቶ የደመወዝ ቦርዱ ደንብ በየትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ቢጠየቅ ተገቢ ነው።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሥራውን ሲያጠናቅቅ እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው የዕረፍት ጊዜ ተመራጮች ወደ መረጧቸው ሕዝብ ይሄዳሉ፤ በየአዳራሹም ሕዝባዊ ውይይት ይጠራል። በነዚያ መድረኮች ላይ ስለ ውሃና ስለ መንገድ ከሚነሡት ጥያቄዎች ጋር፣ የከሚሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የደሴና የወልዲያ ሰው ተወካዩን ስለ ሐዲዱና ስለ ደመወዝ ቦርዱ በስም ጠርቶ ይጠይቀው፤ የተሰጠውን መልስ ከነቀኑ በቃለ ጉባኤ ያስጽፈው፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ቃለ ጉባኤ ይዞ ይምጣ።