ሳይታመሙ ጤና ጣቢያ መሄድ

እኛ አገር ጤና ጣቢያ የሚኬደው ልጅ ለማስከተብ ነው፣ ለእርግዝና ክትትል ነው፣ ወይ ደግሞ ሲብስ ነው። ደህና መሆኔን ልይ ብሎ የሚሄድ ሰው ሥራ የፈታ ይመስላል። አክስቴን «ነይ እስቲ ግፊትሽን ተለኪ» ብላት «በሽታ ፈልገሽ ልታመጪብኝ ነው?» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ከልቧ ነው።

ይገባኛል። ካልተመረመርኩ የለብኝም የሚለው ነገር ሁላችንም ውስጥ ትንሽ ትንሽ አለ። ለቅሶ ቤት ስትቀመጡ ግን የምትሰሙት ምንድን ነው? «ምንም አልነበረውም እኮ! እራቱን በልቶ፣ ሲጫወት አምሽቶ ነው የተኛው።» ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል። ምንም አልነበረውም ከሚባሉት መሃል ስንቱ ለዓመታት ከፍ ያለ ግፊት ይዞ ሲዞር እንደነበር ማን ያውቃል? ማንም አልለካውማ።

ይሄን ስል ሮጣችሁ ሂዱና «ሙሉ ቼክአፕ» አሠሩ ማለቴ አይደለም። እሱም ሌላ ጣጣ ነው። ሰዉ ጤናውን ዓመታት ሙሉ ዞር ብሎ ሳያየው ይቆይና አንድ ጓደኛው ድንገት ሲወድቅበት ደንግጦ የግል ክሊኒክ ይገባል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይመረመራል፤ ከዚያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያመለክቱ ቀስቶች ያሉበት ረጅም ወረቀት ይዞ ይወጣል። ቀስቱን ካየ በኋላ ያልነበረው ሕመም ይጀምረዋል።

ስለ ቀስቱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ላብራቶሪዎች «ኖርማል» የሚሉት ክልል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከጤነኛ ሰዎች 95 ከመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ከ100 ጤነኛ ሰው 5ቱ ምንም ሳይሆኑ ከክልሉ ውጪ ይሆናሉ። ያ ለአንድ ምርመራ ብቻ ነው። 20 ነገር በአንዴ ካስመረመራችሁ አንድ ቀስት ብትወጣ አትደንግጡ። ችግሩ ያቺን ቀስት ፍለጋ አልትራሳውንድ ይታዘዛል፣ ከዚያ ሌላ ደም፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ፣ በመሃል እንቅልፍ የለም። ኤች ፓይሎሪንማ ተዉት። ባክቴሪያውን ጨጓራው ውስጥ ይዞ ምንም ሳያመው የሚኖረው ሰው ብዙ ነው፤ «ፖዘቲቭ» የምትለዋን ቃል ካየ በኋላ ግን ሽሮ መብላት ያቆማል።

እኔ የምለው አጭር ነው። ምንም ለማይሰማው ሰው በእርግጥ የሚጠቅሙት ምርመራዎች ጥቂት ናቸው፣ ርካሽ ናቸው፣ አብዛኞቹም ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ አሉ።

በግፊት ልጀምር፣ ብዙ የሚባለው እሱ ላይ ስለሆነ። «ግፊቴ ሲነሳ ያስታውቀኛል» የሚል ሰው አያጣችሁም። ራሴን ሲያመኝ፣ ሲያዞረኝ፣ ማጅራቴን ሲይዘኝ አውቀዋለሁ ይላል። አያውቀውም። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ልብን፣ ኩላሊትን፣ ዓይንንና የአንጎል ደም ሥሮችን ቀስ እያለ ሲጎዳ ይቆይና አንድ ቀን ግማሽ ሰውነት አልታዘዝ ሲል ነው የሚታወቀው። የሚታወቅበት ሌላው መንገድ በመለካት ነው። በቃ።

አለካኩ ራሱ ግን ጥበብ አለው። እኛ ሰፈር ጤና ጣቢያ ከካርድ ክፍሉ አልፎ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፣ ተራ የሚጠበቀው እዚያ ነው። አንድ አባት ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው እያለከለኩ መጡና ወዲያው እጃቸውን ዘረጉ። የምትለካው ሲስተር «አባባ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አለቻቸው። «ምን አርፋለሁ፣ ልጄ፣ ጎሽ ለኪኝና ልሂድ።» «አምስት ደቂቃ ብቻ። ቡና ጠጥተዋል?» «ቡና ሳይጠጣ ከቤት ይወጣል እንዴ?» «ስንት ሰዓት?» «አሁን ነው፣ ሦስተኛውን ትቼ መጣሁ።» ወንበሩ ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እሷ ግን ግማሽ ሰዓት አስቀመጠቻቸው። ከዚያ የሹራባቸውን እጅጌ አስወልቃ፣ ጀርባቸውን አስደግፋ፣ እግራቸውን መሬት አስረግጣ፣ ክንዳቸውን ከልባቸው ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ለካች። መሃል ላይ ስለ ቤት ኪራይ ማውራት ሲጀምሩ «አባባ፣ ዝም ይበሉ፣ ወሬ ይጨምረዋል» አለቻቸው። ቆይታ ደግሞ ለካች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀነሰ።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው በዝርዝር ስላየሁት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ነገር ቁጥሩን ይለውጠዋል። ሽንት ይዞ መለካት ይጨምረዋል፣ እግር አነባብሮ መቀመጥ ይጨምረዋል፣ በሹራብ ላይ ማሰር ያዛባዋል። 120 በ80 ጥሩ ነው። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በተለያየ ቀን ሲደጋገም ነው ግፊት አለብህ የሚባለው። አንድ ቀን 145 ያየ ሰው ታማሚ አይደለም፣ ተመልሶ መለካት ያለበት ሰው ነው። 180 በ120 አልፎ ደረት ካመመ፣ ዓይን ከጋረደ፣ አፍ ከተንሻፈፈ ወይም እጅ ከዛለ ግን ቀጠሮ የለም፣ ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ የሚመጣው ጥፋት ደግሞ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው። «ተለካሁ፣ ወርዶልኛል፣ ተውኩት» ይባላል። የወረደው እኮ በመድኃኒቱ ነው! መድኃኒት መተው ያለ ነገር ነው፣ ግን ሐኪሙ ሲል ነው እንጂ ጎረቤት ሲል አይደለም።

የጨው ነገርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። እኛ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና «ጨው ቅመሺልኝ» ይባላል። ቡናውንም በጨው የሚጠጣ ቤት አለ። ሁሉንም ተዉ አልልም፣ አይሆንላችሁምም። በርበሬና ሽሮ ስታስፈጩ ጨዉን አስቀሩት፤ ያኔ ድስቱ ውስጥ የሚገባውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ስኳር አጭር ነው። ከማታ ጀምሮ ቢያንስ 8 ሰዓት ሳትበሉ ጠዋት ትሄዳላችሁ (ውሃ ይፈቀዳል)፣ ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም። ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ካለ ገና ስኳር አይደለም፣ ግን ቀይ መብራት እየመጣ ነው፤ ክብደት መቀነስና በእግር መሄድ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ከተረጋገጠ ስኳር ነው። ጾመኞች ዕድለኞች ናችሁ፣ በሁዳዴ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስትሄዱ በባዶ ሆድ ናችሁና የሚያስቸግር ነገር የለም። የስኳር መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ ኢንሱሊን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ መዋል ራስን ሊያስት ይችላል። ወፍራም ያልሆነ ሰው ስኳር አይይዘውም የሚባለውም ውሸት ነው። ቤተሰብ ውስጥ ካለ ቀጭኑም ይለካ።

እህቶች፣ ይሄኛው ለእናንተ ነው፤ ወንዶችም አትለፉት፣ ሚስትና እህት አላችሁ። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። የሚያናድደው ደግሞ ቀድሞ ሊያዝ የሚችል መሆኑ ነው። ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ ይጀምርና ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ብትታዪ ሊገኝ ይችላል። ብዙ ጤና ጣቢያ የሚሠራው ቪአይኤ የሚባለው ነው። ሰላጣ ላይ የምንጨምረው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ የማህፀን በር ላይ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከታየና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። ትንሽ ቁርጠት ነገር አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወር አበባ ቁርጠት የባሰ አይደለም። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ሂዱ፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለ ደግሞ ከ25 ጀምራ። ሐፍረቱን አውቀዋለሁ። ሴት ባለሙያ ትየኝ ማለት ግን መብታችሁ ነው፣ ማንም አይቆጣም። ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ የኤችፒቪ ክትባቱን አታሳልፉት፤ በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ነው አገራችን የጀመረችው። መሃን ያደርጋል የሚለው ወሬ ወሬ ነው።

ሌላው የተረሳው የጉበት ነገር ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ይባልና ወደ ባህል መድኃኒት ይኬዳል። ሄፓታይተስ ቢ ግን ዓይን ሳያቀላ... ማለቴ ቢጫ ሳያደርግ ለዓመታት ጉበት ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ሕፃናት አምስት በሽታ በአንዴ በሚከላከለው ክትባት ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ማግኘት የጀመሩት በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች በሕፃንነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። አንድ የደም ምርመራ ነው፤ ከሌለባችሁ ትከተባላችሁ፣ ካለባችሁ ክትትል ትጀምራላችሁ። ኤችአይቪንም በዚያው ተመርመሩ፣ ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ሰው «ለምን ጤና ጣቢያ፣ ፋርማሲም ይለካል፣ መንገድ ላይም ይለካል» ይለኛል። ይለካል። በ2011 «መንገድ ለሰው» ሲጀመር መኪና በተከለከለበት አስፋልት ላይ ግፊትና ስኳር በነፃ ሲለካ ደስ ይል ነበር። ግን ቁጥሩን ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ፣ በነጋታው ትረሱታላችሁ። ጤና ጣቢያ ካርድ አላችሁ። አምና 128፣ ዘንድሮ 136 የሚለውን ጎን ለጎን የሚያይ ባለሙያ ሲኖር ነው ነገሩ ትርጉም የሚኖረው። ካርድ ክፍሉ «ካርድዎ አልተገኘም» የሚልበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ፣ ሁላችንም ደርሶብናል። ስለዚህ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት ወይም ትንሽ ደብተር ያዙ።

ውጭ ያላችሁ ልጆችም ስሙኝ። ለእናትና አባት «ሙሉ ምርመራ» ብላችሁ የምትልኩት ዶላር ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን ክንድ ላይ የሚታሰር የግፊት መለኪያ መላክ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን እንጂ አንጓ ላይ የሚታሰረውን አይደለም፣ እሱ ቶሎ ይዛባል። ባትሪውንም አብራችሁ ላኩ። ከዚያ በየሳምንቱ ስትደውሉ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?» ካላችሁ በኋላ ቁጥሩን ጠይቁ። እናት «ደህና ነኝ» ከማለት ወደኋላ አትልም፤ መለኪያው ግን ይሉኝታ የለውም።

አክስቴ በመጨረሻ ሄዳለች። የሄደችው በእኔ ምክር አይደለም፣ የዕድር ጓደኛዋ ተለክታ ቁጥሯን ስትናገር ሰምታ ቅናት ይዟት ነው። አሁን ሁለቱ ቡና ላይ ግፊታቸውን ያወዳድራሉ።

መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ ሰኞ አትሂዱ፣ ቅዳሜና እሁድ የታመመ ሁሉ የሚመጣው ሰኞ ነው። በሳምንቱ መሃል ጠዋት 2፡30 ላይ ድረሱ፣ እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሱ፣ ቡናውን ስትመለሱ ጠጡ። ጤና መድህን ያላችሁ መታወቂያችሁን አትርሱ።