ባለ 0.22 ጠመንጃና መነጽሩ

የዛሬው ከሰዓቴ ያለፈው በተኩስ መለማመጃ ሜዳ፣ ሁለት ባለ 0.22 ካሊበር (የአፈሙዛቸው የውስጥ ስፋት 0.22 ኢንች ገደማ የሆነ) ጠመንጃዎችን ጎን ለጎን በመሞከር ነው። አንደኛው ወፍራም አፈሙዝ ያለው ከባድ ጠመንጃ ሲሆን፣ ድጋፍ ላይ ተቀምጦ ሲተኮስበት ንቅንቅ አይልም፤ ይሁን እንጂ ጥንቸል ለማደን ቀኑን ሙሉ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው ሸክም እንጂ መሣሪያ አይሆንለትም። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ የእኔም ፍላጎት እስከ 50 ሜትር የሚደርስ አደን ስለሆነ እርሱን መረጥሁ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው የማነጣጠሪያ መነጽር ነበር። ለትልልቅ ጥይቶች የተሠራ ባለ ከፍተኛ ማጉያ መነጽር ገጥሜ በ25 ሜትር ርቀት ሳነጣጥር፣ ጉንጬን ከሰደፉ ላይ በጥቂቱ ባንቀሳቀስሁ ቁጥር ጠመንጃው ሳይንቀሳቀስ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከኢላማው ነጥብ ላይ ሲንሸራተት አየሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ እንዲህ ያሉ መነጽሮች ብዙውን ጊዜ ከዚህ የማየት ስሕተት ነፃ የሚሆኑት በ90 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ለ0.22 ታስበው የተሠሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ በ46 ሜትር አካባቢ ነው። ርቀቱን በእጅ ማስተካከል የሚቻልባቸውም አሉ፤ ክብደትና ዋጋ ግን ይጨምራሉ።

ጥይቱ ዝግተኛ ስለሆነ በ50 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃ በ100 ሜትር ላይ ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል፤ ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለአጭር ርቀት አደን ከ2 እስከ 7 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ከበቂ በላይ ነው። ቀጣዩ ሥራዬ ለዚህ አፈሙዝ የሚስማማውን የጥይት ዓይነት መለየት ይሆናል።