በቡና የተሣለችው ስትሸጥ

ዛሬ ጅማ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው፤ ልቤም አብሮ ከብዷል። ያቺ በቡና የሣልኳት ሥዕል ገዢ አገኘች። ገዢዋ ታዲያ የሥዕሏን ትርጉም ከጀርባዋ ጻፊልኝ ብላለች። ቡናው ከማውቀው ሰው ጓሮ የተለቀመ ነው፤ ትርጉሟም ከዚያ ጓሮ ጋር የተያያዘ ነው።

ከጀርባ የሚጻፈው በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ነው። የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲያገኘው ወደ ፊት ይዘልቃል፤ እርጥበት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ከዚህ ከተማ አይጠፋም። በቡና ለተሣለ ነገር ሰው ሁሉ የሚፈራው ሻጋታን ነው። ለሻጋታ ግን መላ አለው። ለሥዕል የሚፈላ ቡና ስኳር፣ ጨው፣ ቅቤ አይነካውም፦ ስኳር ወረቀቱን ያጣብቃል፣ ጉንዳንም ይጠራል፤ ጨው ለሻጋታ የሚመች እርጥበት ይስባል፤ ቅቤ ያረፈበት ቦታ ቀለሙን አይቀበልም። ከዚያ በስስ ጨርቅ ይጠለላል፤ አተላው ካልወጣ ደቃቁ ደርቆ ይረግፋል። አቦል እንኳ ለወረቀት ቀጭን ነው፤ ለጥቁሩ ጥላ ሩብ ያህሉ እስኪቀር በቀስታ መንተክተክ አለበት። ቶናው ለመካከለኛው፣ በረካው ለጉም። እንዲህ የተመጠነ የቀለም ደረጃ ከየትም ሱቅ አይገዛም!

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን የጥጥ ወረቀት ሆኖ ጠርዙ በወረቀት ፕላስተር ሰሌዳ ላይ ይያዛል። የደረቀ ቡና ውሃ ሲነካው እንደገና ስለሚሟሟ ብሩሹ አንዴ አልፎ ይነሳል፤ ከተመላለሰበት የታችኛው ይነሳና ጭቃ ይሆናል። በብሩሽ ቫርኒሽ የማይቀባውም ለዚሁ ነው። መስታወት ሲገባለት በመሃል ፓስፓርቱ (ሥዕሉን ከመስታወቱ የሚያርቅ የካርቶን ክፈፍ) ያስፈልጋል፤ ጤዛ ከያዘው ወረቀቱ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል።

መላ ያጣሁለት ብርሃን ነው። የቡና ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፤ ቀድሞ የሚሄደውም በበረካ የተሠራው ጉም ነው። ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ መስቀል ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ከሥር በውሃ በቀጠነ ቡናማ አክሪሊክ፣ ከሱቅ በሚገዛ ቀለም፣ ቀድሞ መሣል ይቻላል (ከወፈረ ቡናው አይይዝለትም)። ቅርጹ ይቆያል። ግን ዓመታት አልፈው የሚቀረው የሱቁ ቀለም ነው፤ ከዚያ ጓሮ የመጣው ሄዷል።

ቀለሙ እንደሚደበዝዝ ሳይነገረው የገዛ ሰው ተታሏል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እሱም ከጀርባዋ ይጻፋል። ትርጉሙ ግን? ያ ቡና ከወረቀቱ ላይ ሲጠፋ፣ ከጀርባ የቀረው ጽሑፍ የምኑ ትርጉም ይሆናል?