የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትና ያፈራቸው ሴቶች

ስድስት ኪሎ አጠገብ ያለው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲከፈት፣ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ወንዶችን ማስተማር ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሚሲዮናውያን ቀደም ብለው ሴቶችን ማስተማራቸው እርግጥ ነው፤ ሆኖም ሴት ልጅ ከትዳር ሌላ ዕጣ አላት ብሎ ላላሰበ ወላጅ የእቴጌይቱ ስም ከማንኛውም ስብከት የበለጠ ዋስትና የሰጠው ይመስለኛል። በአዳሪነትም ጭምር ስለሚቀበል ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ልጆችም ተማሩበት።

በአምስተኛ ዓመቱ የፋሺስት ወረራ መጣና ነገሩ ሁሉ ተናጋ። ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱን በመምራት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማርከው ጣሊያን ውስጥ ወዳለው አዚናራ ደሴት የተጋዙ፣ ተውኔትም የሚጽፉ ሴት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ ለምክር ቤት ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ተማሪዎቹ አገርን ማገልገል ለሴትም የተፈቀደ መሆኑን ለመረዳት ከርዕሰ መምህርታቸው ሕይወት ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

አሁን በሕይወት የሌሉት ታላቅ አክስቴ የዚያ ዘመን አዳሪ ነበሩ። ከጎጃም ገና በልጅነታቸው መጥተው፣ ከትግራይና ከሐረር ከመጡ ልጆች ጋር በአንድ መኝታ ክፍል አድገው፣ መምህርት ሆነው ወጡ። ጓደኞቻቸውም ነርሶች፣ ጸሐፊዎችና መምህራን ሆኑ፤ ስማቸው በታሪክ መጻሕፍት ባይገኝም፣ በየክፍለ ሀገሩ ሴት ልጆችን ፊደል ያስቆጠሩት እነርሱን የመሰሉ ሴቶች ናቸው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ የካቲት 12 ተባለ፤ ወንዶችም ገቡበት። በ1929 ዓ.ም. በዚያች ቀን የተጨፈጨፉትን ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ሐውልታቸውም እዚያው አደባባዩ ላይ ቆሟል። ነገር ግን የስሙ ለውጥ በቀድሞዎቹና በተከታዮቹ ተማሪዎች መካከል የነበረውን ትስስር አላላው፤ የአንድ ግቢ ልጆች ሆነው ሳለ እንደ ሁለት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይተያያሉ። በቅርብ ዓመታት የመነን ስም ተመልሶ ልጃገረዶች እንደገና በአዳሪነት እየተማሩበት ነው። ለእነዚህ ልጆች የሁለቱም ዘመን ታሪክ ያስፈልጋቸዋል። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር የምትኖሩ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በየቤታችሁ ያሉትን የክፍል ፎቶግራፎች አውጥታችሁ ከጀርባቸው የምታስታውሱትን ስምና ዓመት ጻፉበት፤ ቅጂውንም ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ።