«ስኳር» ያሉኝ ሰውዬ

23 ዓመቴ ነው። ብቻዬን መንገድ የወጣሁባቸው ቀናት ግን በጣት ይቆጠራሉ። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ያውም ከአራት ወንዶች በኋላ የመጣሁ። ዩኒቨርሲቲ እንኳን የተማርኩት በአጃቢ ነው። አንዱ ያደርሰኛል፣ ሌላው ይመልሰኛል። የእማዬ ምክርም አጭር ነው፦ «መንገድ ላይ ወንድ ካናገረሽ አትመልሺ። ማር ማር የሚል ቃል ከጀመረ ደግሞ ሩጪ።»

የዚያን ቀን አራቱም ጉዳይ ገጥሟቸው ብቻዬን ወጣሁ። ብቻዬን ማለቱም ይከብዳል። እማዬ በየ20 ደቂቃው ትደውላለች። ቦርሳዬም የእሷ ተወካይ ነው፤ ጃንጥላ (ፀሐዩ አናት ይበሳል)፣ ትርፍ ካልሲ፣ መርፌና ክር፣ «ጉሮሮሽ ከደረቀ» ተብሎ የተጨመረ አንድ እሽግ ከረሜላ።

የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አንድ ጠና ያሉ ሰው ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ወደ እኔ ያፈጣሉ እንጂ የሚያዩኝ አይመስሉም። ሰክረዋል ብዬ ላልፍ ስል ቀና አሉና፣

«ስኳር…» አሉኝ።

ክው አልኩ። እጃቸውን ዘርግተው ደገሙት። «ስኳር… እባክሽ…»

እማዬ ያለችው መጣ! ሩጪ የሚለውን ግን ንዴት አስረሳኝ። ችግሩ፣ ትልቅ ሰው መሳደብ ማን አስተምሮኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም እንዴ?» አልኳቸው። እንግዲህ ስድቤ ይህ ነው። ጎንበስ ብዬ ስለነበር ሰላምታ ሳይመስል አልቀረም።

ሰውዬው የደረት ኪሳቸውን ጠቆሙኝ። ትንሽ ካርድ ብቅ ብላለች። «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» ትላለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በቃ፣ ጥፋቴን በሥራ ልክሰው ብዬ ሱቅ ሮጥኩ። እኔ የማውቀው ስኳር ያለበት ሰው ስኳር እንደማይቀምስ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን ሁለቴ አንብቤ፣ ባለሱቁንም አስመስክሬ፣ ስኳር የሌለው ለስላሳ ገዛሁ። በኩራት ከፍቼ አቀበልኳቸው። ጽሑፉን አዩት። ያን ሁሉ ድካም አሸንፈው፣

«ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉኝ።

ለካ የሳቸው ስኳር ወርዶ ነው። ኢንሱሊናቸውን (ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት) ወግተው ምግቡ ዘግይቶባቸዋል። መውረዱ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ሰካራምም ያስመስላል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ በኋላ ነው፤ በሰዓቱ እኔ ያለቀስኩት ይበልጣል።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«አንድ ሰውዬ ስኳር ብለውኝ…»

«ሩጪ!»

«አይደለም እማዬ፣ በሽታቸው ነው!»

«ብሎ ብሎ በሽተኛ?!»

በሳግ እየተቆራረጥኩ አስረዳኋት። ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ ከረሜላውን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?»

ከረሜላው በሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። የእኔ እጅ ከሳቸው እጅ በላይ ይንቀጠቀጣል። ጥፍሬን አላምነው ብዬ በጥርሴ ላጥኩላቸው። አምስቱን እንደ ቆሎ ቆረጠሟቸው። ከዚያ ጣታቸውን ወግተው ለኩ። 54 ይላል። «ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል ማለት ነው» አሉኝ። «15 ግራም የሚሆን ስኳር ትወስጃለሽ፣ 15 ደቂቃ ትጠብቂያለሽ፣ ደግመሽ ትለኪያለሽ። ራሴን ስቼ ብታገኚኝ ግን አፌ ውስጥ ምንም እንዳትከቺ፣ ያንቀኛል። አምቡላንስ ነው የምትጠሪው።» ቸኮሌት እንኳን ቅባቱ ስለሚያዘገየው ለዚህ ሰዓት እንደማይሆን የሰማሁት ከሳቸው ነው። ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተቀምጬ እንዲህ የገባኝ ትምህርት የለም።

15ቱን ደቂቃ ጠርዙ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጠበቅን። እማዬ ስልኩን አልዘጋችም። ድምፁን ከፍ አድርጊው ብላኝ ሦስት ሆነን ነው የጠበቅነው። ስኳር የሌለውን ለስላሳ እኔ ጠጣሁት።

ሁለተኛው ልኬት 83 ሆነ። ሰውዬው ላባቸውን ጠርገው ተነሡና አዩኝ። ዓይኔ አብጧል፣ ጣቶቼ በከረሜላ ተጣብቀዋል። «ነይ፣ ታክሲ ላሳፍርሽ» አሉኝ። እማዬ በስልኩ ውስጥ ሆና «እግዜር ይስጥልኝ፣ መስኮት ጋ እንዳትቀመጥ አደራ!» አለቻቸው።

ቁጥራቸውን ተቀብላ ኖሯል። ካልሲው አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ከረሜላው ግን ሁለት እሽግ ሆኗል። ትናንት ከጋሼ መልእክት ደረሰኝ፦

«ልጄ፣ ስኳሬ ደህና ነው። እናትሽ ግን ዛሬ አራተኛ ጊዜ መደወላቸው ነው። ምሳ መብላቴን ነግሬአቸዋለሁ። ካልሲ ደርበሃል ወይ ላሉኝ ምን ብዬ ልመልስ?»